ፎቶው የወረደበት ክፍል

አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 5 ቀን 1996 ዓ.ም.

እታለም ካሣነሽ፣

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሰነበተ። መልሱን ያዘገየሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው ብልሽ ግማሹ እውነት ነው፤ ሌላውን ግማሽ ዝቅ ብለሽ ታገኚዋለሽ። አንቺስ? የጠመኔው ብናኝ ጉሮሮሽን ለቀቀሽ? ከስማዳ ሰው ሲመጣስ እምዬ ምን ትላለች?

"ቴሌቪዥን ውስጥ እሠራለሁ ትላለህ፣ ፊትህን ግን አላየነውም" ላልሽው፣ ፊቴ አይታይም። «የእትዬ ውድነሽ ግቢ» ላይ ዕቃ አቅራቢ ነኝ። ስኒው፣ ዣንጥላው፣ የተከራዮቹ አልጋ፣ ከበሩ የሚንጠለጠለው ቁልፍ፣ ሁሉም ከእኔ እጅ ነው የሚወጣው። ከዚያ በላይ ደግሞ የማስታወስ ሥራ አለብኝ። አንድ ትዕይንት ባንድ ትንፋሽ አይቀረጽም። ሰውየው በሩን ከፍቶ ሲገባ ዛሬ ይቀረጻል፤ ገብቶ ሲቀመጥ ያለው ደግሞ በሌላ ቀን። ሲገባ ዣንጥላውን በግራ እጁ ይዞ ከነበረ ሲቀመጥም በግራው መያዝ አለበት። ሻዩ ግማሽ ከነበረ ግማሽ። እሱን የማስታውሰው እኔ ነኝ። እኔ ስረሳ አገር ያየዋል።

አሁን ወደዚያኛው ግማሽ ልምጣ። እትዬ ውድነሽ ሆና የምትጫወተው መስከረም ነው ስሟ፤ ወጣት ናት፣ ሽበቱ ቀለም ነው። ተከራይ ስታስፈራራ ወደ ግድግዳው ዞር ብላ፣ "እናቴ ነፍሷን ይማረውና፣ እሷ ብትሆን ኖሮ በዱላ ነበር የምታስወጣህ!" ትላለች። በየክፍሉ ትለዋለች፤ ሰው የሚስቀውም እዚያ ላይ ነው። ታዲያ አዘጋጁ "የባላገር እናት ፎቶ አምጣልኝ፣ ግርማ ያላት" አለኝ። እኔ ጋ የነበረው የእምዬ ነው። ያኔ ለዓይኗ ሕክምና ንፋስ መውጫ ስትመጣ አንቺ ያስነሳሻት፣ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ሸፍና። አሳድጌ፣ ፍሬም አስገብቼ ሰቀልኩት።

ለእምዬ እንዳትነግሪያት። አንቺም ሳትቆጪ እዪውና ስሕተት ካገኘሽብኝ ጻፊልኝ። ይቅርታሽን ሳላገኝ ነው ይህን ፖስታ የምዘጋው።

ታናሽ ወንድምሽ
እሱባለው


ንፋስ መውጫ፣ ጥቅምት 26 ቀን 1996 ዓ.ም.

እሱዬ፣

ሰላምታዬ የተቆራረጠ ቢመስልህ የተማሪ ፈተና እያረምኩ ስለምጽፍ ነው። እኔ ደህና ነኝ። ገብሱም አምሯል፣ በረዶ ካልመጣበት።

አዎ፣ አይቼዋለሁ። ገብሬ ሻይ ቤት ቴሌቪዥን ከገባ ወዲህ እሁድ ከሰዓት ቦታ የሚያገኝ ቀድሞ የሄደ ነው። እምዬ ከግድግዳው ላይ ስታፈጥብኝ ሻዩ ትን አለኝ። አጠገቤ የነበረችው ሴት "ምነው እትዬ ካሣ?" ስትለኝ "ትኩስ ነው" አልኳት። መደበቁ ግን ብዙ አላስኬደኝም። ለገበያ የሚመጣው የስማዳ ሰው ፊቷን ያውቀዋል።

ስሕተትህን የሚለቅምልህ እኔ ሳልሆን የሻይ ቤቱ ሰው ነው። ያ እግሩ የተሰበረው ተከራይ ሲገባ ጄሶው በቀኝ እግሩ ነበር፤ ሲወጣ በግራው ሆነ። ገብሬ "ይሄ ሰውዬ ሁለቱንም ሰብሮ በየተራ ነው የሚያሳርፋቸው" ብሎ ቤቱን በሳቅ አፈረሰው። ዝናብ እየመታው የመጣው ፖስተኛም ደፉን ሲያልፍ ደረቀ። እኔም ሳቅሁ፣ አልዋሽህም። ወንድሜ የሠራው ነው ብዬም ትንሽ ኮራሁ።

ጋሼ መሪጌታ ጓዴ ግን አልሳቁም። አጎታችንን ታውቃቸዋለህ፤ ቤተ ልሔም ገዳም ሆነው ድጓ ከማስተማር በቀር የከተማ ወሬ አይሰሙም። ይህን ግን ተማሪያቸው ነገራቸው። ለገበያ የመጡ ዕለት ቤቴ ገብተው ሳይቀመጡ፣

"ካሣነሽ፣ እህቴ ሞታለች?" አሉኝ።

"ኧረ ጋሼ! ምን ማለትዎ ነው?"

"ታዲያ በሕይወት ያለች ሴት ነፍሷን ይማር እየተባለ ይሳቅባታል? ጻፊለት። ያውርዳት።"

ይኸው ጻፍኩልህ።

"ለእምዬ እንዳትነግሪያት" ላልከው፣ ከእኔ አልሰማችም። ሳል ይዟታል። የብርድ ነው ትላለች፤ እኔ ግን አልወደድኩትም። "እሱባለው መቼ ነው የሚመጣው" ትላለች፣ ለመጣ ለሄደው ሁሉ። ለኅዳር ሚካኤል ብትመጣላት ምን አለበት?

እህትህ ካሣነሽ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 13 ቀን 1996 ዓ.ም.

እታለም፣

ትናንት ሚካኤል ነበር። እኔም ይኸው እዚሁ ነኝ። የምትይኝን ሁሉ በልቤ ስላልኩት ደግመሽ አትበይኝ።

ለጋሼ መሪጌታ እግራቸውን ስመሽ ይቅርታ ጠይቂልኝ። ማውረዱ ግን እንደሚመስላቸው ቀላል አይደለም። ፎቶው በስንቱ ክፍል ታይቷል! ዛሬ ባወርደው "የእትዬ ውድነሽ እናት የት ሄደች" ይላል ሰው፤ የእኔ ሥራ ደግሞ ሰው እንዲህ እንዳይል ማድረግ ነው። አዘጋጁን አዲስዓለምን ጠይቄው ነበር። "ግድግዳው እኮ ያለሷ ባዶ ነው" አለኝ። እውነት ለመናገር፣ ሲለኝ ደስ አለኝ።

የጄሶው ነገር አሳፍሮኛል። ተዋናዩ ምሳ በልቶ ሲመለስ ራሱ አጥልቆት ነው፤ ማየት የነበረብኝ ግን እኔ ነኝ።

ለሳሏ መድኃኒት ወደ ስማዳ በሚወርደው በወገዳ መኪና ልኬአለሁ። ጤና ጣቢያ ውሰጃት። እኔ የገና ሰሞን ቀረጻው ጋብ ሲል እመጣለሁ፤ ያኔ ራሴ እነግራታለሁ፣ ራሴ ይቅርታ እጠይቃታለሁ። እስከዚያ እባክሽ ጠብቂልኝ።

እሱባለው


ንፋስ መውጫ፣ ታኅሣሥ 18 ቀን 1996 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለእሱባለው፣

እንደምን ሰንብተሃል? እኔ ደህና ነኝ። ጋሼ መሪጌታም ደህና ናቸው። አዝመራው ገብቷል፤ ውቂያውም ተጀምሯል።

ስለ እምዬ ለጠየቅከው፣ ሳሉ ለቋታል። አሁን አያስጨንቃትም። መድኃኒቱም ደርሷል።

ባለፈው እሁድ የእትዬ ውድነሽ ዶሮ ስትሰረቅ ነጭ ነበረች፤ ስትገኝ ቀይ ሆነች። የግድግዳው ሰዓትም ጠዋትም ማታም ዘጠኝ ነው። ሰዉ ስቋል። ሌላ ስሕተት አላየሁም። እኔ እንኳ ባለፈው እሁድ አልሄድኩም፤ ሰው ነው የነገረኝ።

ለገና ስትመጣ መንገዱ ያስቸግርሃል፤ ይልቅ ጥር 21 ለአስተርእዮ ማርያም እንዳትቀር። ጋሼ መሪጌታ ይፈልጉሃል። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም። አደራ፣ እንዳትቀር።

ካሣነሽ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 30 ቀን 1996 ዓ.ም.

እታለም፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። ደጋግሜ አነበብኩት። የእምዬ ሳል ስለለቀቃት እግዚአብሔር ይመስገን። እንቅልፍስ ትተኛለች? ምን ትበላለች? ጠዋት ጠዋት ፀሐይ የምትሞቅበት ድንጋይ ላይ አሁንም ትቀመጣለች? ሰላም በይልኝ። ጋቢ ገዝቼላታለሁ፤ ወፍራም ነው፤ ለስማዳ ብርድ ይሆናል።

ስለምትጽፊልኝ ተባረኪ። ሌላ ወሬ እንኳ ባይኖርሽ፣ እምዬ እንዴት እንደሆነች ብቻ ጻፊልኝ። ባጭሩም ቢሆን።

ለአስተርእዮ አልደርስም። ቀረጻ አለ።

አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ጥር 9 እሁድ በሚተላለፈው ክፍል ውስጥ ስሕተት ታያለሽ። ትልቅ ነው። አዲስዓለም በሰው ፊት ጮኾብኛል፤ ልክ ነው። ሌላውን ስሕተት ሁሉ ጻፊልኝ፤ ስለዚህኛው ግን እንዳትጽፊልኝ።

ወንድምሽ እሱባለው


ንፋስ መውጫ፣ ጥር 10 ቀን 1996 ዓ.ም.

እሱዬ፣

እንዳትጽፊልኝ ያልከውን ልጽፍልህ ነው።

ትናንት ገብሬ ሻይ ቤት የጥምቀት እንግዳ ሞልቶበት ነበር። እትዬ ውድነሽ ዶሮዋን የሰረቃትን ተከራይ በር ላይ ይዛ ስትጨቀጭቀው፣ ወደ ግድግዳው ዞረች። "እናቴ ነፍሷን ይማረውና..." እምዬ ነበረች። ሰውየውን አሳዩን። ወደ እሷ ሲመልሱን ግን ሚስማሩ ብቻ ቀርቷል፤ የፍሬሙ ቦታ ከሌላው ግድግዳ ነጥቶ። አንዱ ከኋላ "እናትየዋ ተነሥታ ሄደች!" አለ። "ሰልችቷት ነው!" አለ ሌላው። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ገብሬ ብቻ ሳይስቅ እኔን አየኝ።

እኔ ወዲያው ገባኝ። አንተ ጄሶ ትረሳለህ፣ ሰዓት ትረሳለህ፤ እምዬን ግን በቀረጻ መካከል ረስተህ አታወርድም። ሰምተሃል። ያንን የጋቢ ደብዳቤ ስትጽፍልኝም ሰምተህ ነበር።

እንግዲህ አልደብቅህም። እምዬ ታኅሣሥ 12 ሰኞ ጎሕ ሲቀድ ዐረፈች። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። ቀብሯ እዚያው ስማዳ አጥቢያዋ ነው። ጋሼ መሪጌታ "ባዕድ አገር ብቻውን ነው፣ ማን ይደግፈዋል፤ በወረቀት እንዳይሰማ፣ ለአርባዋ ይጠራና እዚህ መርዶውን ይረዳ" አሉ። እሺ አልኩ። "ሳሉ ለቋታል" ብዬ ስጽፍ አልዋሸሁም ብዬ ራሴን እያታለልኩ ነበር። ፖስታውን ምራቄን ቀብቼ ስዘጋው ምላሴ የመረረኝ እስካሁን አለ።

ሌላም አለ። ኅዳር መጨረሻ ጤና ጣቢያ ይዣት መጥቼ ቤቴ ሰንብታ ነበር፤ ይህንንም አልጻፍኩልህም። ጎረቤቶቼ አስቀድመው ነግረዋት ኖሮ፣ "ልጄ የሰቀለኝን ውሰጂኝና ልይ" አለች። እምቢ ማለት ነበረብኝ። ወሰድኳት። ከፊት ወንበር ለቀቁላት። ያቺ ሴት "ነፍሷን ይማረውና" ስትል ሁሉም ዞሮ እምዬን አየ። እሷ ነጠላዋን ካፏ ላይ ገለጥ አድርጋ፣ "ታዲያ ምን አለበት? ይኼን ያህል ሰው በቁሜ ጸለየልኝ" አለች። ሁሉም በእፎይታ ሳቀ። እሷም ሳቀች፣ እስኪያስላት ድረስ።

በማግስቱ ጠዋት የወገዳን መኪና ስንጠብቅ ግን እጄን ይዛ፣ "ካሣ፣ ሲሰቅለኝ አላመነታም?" አለችኝ። መኪናው መጣ። ሐኪሙ ትቆይ ብሎኝ ነበር፤ እሷ ቤቴን ቤቴን ስትል፣ እኔ ደግሞ ፈተና ደርሶብኝ፣ አሳፈርኳት። እሱ የእኔ ነው፤ ያንተ አይደለም።

አርባዋ ጥር 21 ነው። ና። ደብዳቤ አትጻፍልኝ፤ ና።

ካሣነሽ


አዲስ አበባ፣ ጥር 17 ቀን 1996 ዓ.ም.

እታለም፣

አትጻፍ ብለሽኝ ይኸው እጽፋለሁ። ዛሬ ብነሣ ለአርባዋ እደርሳለሁ። አልነሣም። መጀመሪያ ይህን እወቂው።

የሰማሁት ገና ሊገባ ሰሞን ነው። ይሁኔን ታውቂዋለሽ፣ የወገዳውን የጭነት መኪና ረዳት። ስንቀርጽ በር ላይ አስጠራኝ። ስወጣ አቅፎ "እግዜር ያጽናህ" አለኝ።

"ስለ ማን?" አልኩት።

ደነገጠ። "አልሰማህም እንዴ?"

ከዚያ በኋላ ያለኝን ትቼዋለሁ። ሲሄድ ወደ ውስጥ ተመለስኩ። መብራቱ እንደበራ ነው። የትዕይንቱ ግማሽ ተቀርጿል፤ ለሁለተኛው ግማሽ ካሜራውን እያዞሩ ነበር። መስከረም አንዱን ቃል ስታ ሁሉም ይስቃል። እምዬ ከላያቸው ታያለች። ወንበር ላይ ወጥቼ አወረድኳት። ማንም ምን ታደርጋለህ አላለኝም፤ ዕቃ የማነሣው ሁልጊዜ እኔ ነኝና የታዘዝኩ መሰላቸው። በነጠላ ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ አስገባኋትና ቦታዬ ላይ ቆምኩ። ቀረጻው ቀጠለ። ሲያቀናብሩት ነው የታያቸው። አዲስዓለም ሲጮኽብኝ "ገመዱ ተበጥሶ ነው" አልኩት። እስካሁን እናቴ መሞቷን የሚያውቅ እዚህ ማንም የለም።

"ሰምተህ ለምን ደበቅከኝ" እንደምትይኝ አውቃለሁ። ያ ደብዳቤሽ የደረሰኝ ይሁኔ ከመጣ በኋላ ነው። ሳሉ ለቋታል ይላል። አንብቤው ተቀመጥኩ። አንቺ እንዳልሞተች አድርገሽ እስከጻፍሽልኝ ድረስ፣ እኔም ሰላም በይልኝ እስካልኩ ድረስ፣ ያቺ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ፀሐይ የምትሞቅ መሰለኝ። ውሸቱን እንድትቀጥይ የገፋሁሽ እኔ ነኝ። ባትጽፊልኝ እንኳ እለምንሽ ነበር።

ለእምዬ ጥያቄ ደግሞ፣ ላንቺ ልመልስ። አላመነታሁም። ከሱቅ የማላውቃትን አሮጊት ፎቶ መፈለግ እችል ነበር። አልፈለግኩም። የእሷ ያምር ነበር፣ ቸኩዬ ነበር፣ አዘጋጁም ወደደው። ስሰቅላት ያየሁት ፍሬሙ መዛነፍ አለመዛነፉን ነው።

ለምን አልመጣም? ለቅሶ ልደርስ ብዬ ስገባ የሚቀበለኝ ሰው ሁሉ ገብሬ ቤት ተቀምጦ ያየ ነው። በቁሟ የገደላት ልጅ መጣ ቢሉ ምን እላለሁ? ጋሼ መሪጌታን በምን ዓይኔ አያለሁ? አውርዳት ብለውኝ ነበር።

እሱባለው


ንፋስ መውጫ፣ ጥር 27 ቀን 1996 ዓ.ም.

እሱዬ፣

ይህን ደብዳቤ የሚያመጣልህን ሰው ስታይ እንዳትደነግጥ።

አርባዋ በሰላም ወጣ። ካህናቱ ፍትሐቱን አደረሱ፤ ዝክሩም በቃ። "ልጇስ?" ላሉኝ ሁሉ "መንገድ ዘጋው" ማለት ሰለቸኝና በኋላ "አፍሮ ነው" አልኩ። አንድም ሰው ያልከውን አላለም። አንዲት የስማዳ ሴት ብቻ "እንዲያውም እሱ ባይሰቅላት ፊቷን ከየት እናገኘው ነበር" አለች፤ እሷም ልታጽናናኝ ብላ ነው፣ አላጽናናችኝም።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ትናንት ነው። ለጋሼ መሪጌታ አነበብኩላቸው፤ ሁሉንም፣ አውርዳት ብለውኝ ነበር ያልከውን ጭምር። ስጨርስ፣

"ዝም በሉት ያልኩት እኔ ነኝ" አሉ። "ብቻውን እንዳይሰማ ብዬ። ብቻውን አስሰማሁት።"

"ጋሼ፣ ለደግ ብለው ነው።"

"ለደግ ብዬ ነው። አዲስ አበባ መኪናው ስንት ሰዓት ይነሣል?"

ማስቀረት አልቻልኩም። ደቀ መዛሙርታቸውን ለሌላ መምህር አደራ ሰጥተው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ተነሥተዋል። አዲስ አበባን አይተዋት አያውቁም። መናኸሪያ ቆመህ ጠብቃቸው፤ ስልክ ቤት ሄጄ ለአከራይህ አስነግሬአለሁ። ከመኪና ሲወርዱ እግራቸው ያብጣል፤ ውኃ አሙቅላቸው።

ካሣነሽ


አዲስ አበባ፣ የካቲት 2 ቀን 1996 ዓ.ም.

እታለም ካሣነሽ፣

ደርሰዋል። ውኃውንም አሙቄአለሁ።

ማምሻውን ስለ እምዬ ምንም አላነሡም። መንገዱን፣ የሾፌሩን ፍጥነት፣ የደብረ ብርሃንን ብርድ አወሩኝ። የሠራሁትን ሽሮ በሉ፣ ጸሎታቸውን አድርሰው ተኙ። ንጋት ላይ ቀሰቀሱኝ። ከአልጋው ጫፍ ቆመው፣ ጋቢያቸውን አደግድገው፣ "እሱባለው፣ ልጄ፣ ተነሥ። እናትህ፣ እህቴ ላቀች፣ ዐርፋለች" አሉኝ።

ካወቅሁት ከወር በላይ ሆኖኛል። ግን እታለም፣ እስከዚያች ሰዓት አልሰማሁም ነበር። እንዴት እንደጮኽኩ አላውቅም። የግቢው ሰው በሩን ገፍቶ ገባ፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀመጡ፤ አከራዬ ሸራ አስወጠረ። ጋሼ መሪጌታ ትከሻዬን ይዘው አብረውኝ አለቀሱ። እሳቸው ሲያለቅሱ አይቼ አላውቅም ነበር።

ስረጋጋ ሁሉንም ነገርኳቸው። አላመነታሁም ያልኩሽንም። እንዲፈቱኝ ጠበቅኩ። "ይህን እኔ አልመልስልህም" አሉኝ። "ንስሐ አባት ያዝ። አሁን ግን ለቅሶ ላይ ነህ፤ አልቅስ።"

ከሥራ ስቀር ሰው ልከውብኝ ኖሮ፣ ከሰዓት አዲስዓለም ባልደረቦቼን ሁሉ ይዞ መጣ። ፎቶው የማን እንደነበር ያን ጊዜ ነው የሰሙት። አዲስዓለም ደጃፍ ላይ ቆሞ ቀረ፤ ግባ ቢሉት እንኳ መግባት አቃተው። መስከረም ግን መጥታ ጋሼ እግር ሥር ወደቀች። "አባቴ፣ በየሳምንቱ ነፍሷን ይማረው ስል የኖርኩት እኔ ነኝ። ይፍቱኝ" አለች።

"ሳታውቂ ነው፣ ልጄ" አሏት። "አሁን አውቀሽ በያት።"

አለቻት። በዚያ በእትዬ ውድነሽ ድምፅ ሳይሆን በራሷ፣ ዝቅ አድርጋ። ግቢው ሁሉ አሜን አለ። እኔም አልኩ።

የሥራው ነገር እንዴት እንደሚሆን አላውቅም። አዲስዓለም እስከፈለግከው ድረስ ቆይ ብሎኛል፤ ልመለስ አልመለስ አሁን መወሰን አልቻልኩም። ጋሼም ከጾሙ በፊት ቤተ ልሔም መግባት ይፈልጋሉ። ከነገ ወዲያ አብረን እንነሣለን፤ ንፋስ መውጫ አድረን፣ አንቺን ይዘን ስማዳ እንወርዳለን፤ መቃብሯን አሳዪኝ። ይህን ደብዳቤ ነገ ለሚወጣው አውቶቡስ ሾፌር ስለምሰጠው ቀድሞን ይደርስሻል።

ከመኪናው ስወርድ የምልሽን እያሰብኩ ነበር። ምንም አላገኘሁም። አንቺም አትዘጋጂ። ሰው ቢያየንም ይየን፣ እዚያው መናኸሪያው ላይ እንላቀሳለን።

ወንድምሽ
እሱባለው